ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ ዋስ

በሺንሺቾም ሆነ በሆሳዕና መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፥ የኤሌክትሪኩ ግፊት ለቅጽበት ከ220 ቮልት እጅግ ሊያልፍ እንደሚችል ባለቤት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በዚያን ጊዜ ዕቃውን የሚጠብቀው፥ በብዙ ቴሌቪዥንና ዲቫይደር ውስጥ የሚገኘው፥ ቫሪስተር የሚባል አዝራር መሳይ ነገር ነው። እርሱም ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት በእሳት ተተኩሶ የተሠራ ነው። በደኅናው ቀን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ትርፉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ነገር ግን ዋስ ስለ ሌላው ደጋግሞ ሲከፍል እንደሚደኸይ፥ ቫሪስተርም በተመታ ቍጥር ይደክማል። በመጨረሻም ተራውን 220 ቮልት እንኳ መከልከል ተስኖት ይግላል። ያን ጊዜ ፊውዙ ተቃጥሎ መስመሩን ቢቆርጥ ቤቱ ይድናል፤ በፊውዝ ፈንታ የመዳብ ሽቦ ያሰረ ሰው ግን እሳትን ወደ ቤቱ ጠራ። አንዳንዱ ቫሪስተር ደግሞ ተሰንጥቆ ይቆረጣል፤ ዕቃው እንደ ወትሮው ይሠራል፥ ዋስ ግን የለውም።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ ተመልሶ እስኪረጋም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ምክንያቱን ሳታስመረምሩ ሌላ አትተኩ። ዋስ የጠፋበት ሰው ሌላ ዋስ እንደሚጠራ፥ የጠቈረውን ወይም የተሰነጠቀውን ቫሪስተር ባለሙያ በልኩ ይለውጠው።