ምድጃው ሳይሠራ የማገዶ ሽሚያ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው ረጅም ትግል በየምዕራፉ አዲስ የኃይል ምንጭ በእጁ አስገብቷል። እንጨት፣ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይት፣ ወራጅ ውሃና የተሰነጠቀው አቶም በየተራቸው የምርት ኃይሎችን አሳድገዋል፤ በየተራቸውም ምንጩን የተቆጣጠረው ክፍል በሌላው ላይ የበላይነት እንዲያገኝ አድርገዋል። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ሂሊየም ሦስት የሚባል ጋዝ የነገው የኃይል ምንጭ ነው፣ ክምችቱም ጨረቃ ላይ ነው እየተባለ በሰፊው ይነገራል። ጉዳዩ ከነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ አጀንዳ እጅግ የራቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ በየወሩ የመብራት ሂሳብ የሚከፍልና የከሰል ዋጋ የሚያስጨንቀው ሰው ሊያውቀው የሚገባ ቁም ነገር ስላለበት ዛሬ ልንመረምረው ወድደናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ መደናገር መወገድ አለበት። ፊኛ የሚሞላበት ተራው ሂሊየም ነዳጅ አይደለም፤ እንዲያውም አመድ ነው ቢባል ይቀላል። ፀሐይ የሃይድሮጅንን እምብርት እያዋሐደች በመጨረሻ የምታስቀረው እርሱን ነውና። በተራው ሂሊየም እምብርት ውስጥ 2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን ሲኖሩ፣ በሂሊየም ሦስት ውስጥ ያለው ኒውትሮን ግን 1 ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ ሂሊየም ዲዩቴሪየም ከተባለው ከባድ ሃይድሮጅን ጋር ሲዋሐድ ተራ ሂሊየምና አንድ ፕሮቶን ይወጣሉ፤ ታላቅ ኃይልም ይለቀቃል። አንድ ኪሎግራም ሂሊየም ሦስት በሙሉ ቢዋሐድ 160 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ይህንኑ ሙቀት ከድንጋይ ከሰል ለማግኘት 20,000 ቶን ገደማ መማገድ ግድ ይላል።

የተስፋው ምክንያት የኃይሉ ብዛት ብቻ አይደለም። ዛሬ በየምርምር ጣቢያው የሚሞከረው ውህደት በአብዛኛው የዲዩቴሪየምና የትሪቲየም ሲሆን፣ ከሚገኘው ኃይል አምስት እጅ አራቱን ይዞ የሚወጣው ኒውትሮን ነው። ኒውትሮን ኤሌክትሪክ ሙል የለውምና ማግኔት አይገታውም፤ የምድጃውን ግድግዳ ይደበድባል፣ ብረቱንም ራዲዮአክቲቭ ያደርገዋል። ፕሮቶን ግን ሙል ስላለው በማግኔት ሊመራ፣ ምናልባትም ውሃ ማፍላትና ተርባይን ማዞር ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ሊለወጥ ይችላል። ሳይንቲስቶቹን የማረካቸው ይህ ነው፤ መማረካቸውም ተገቢ ነው።

ተስፋውን የሚያናፍሱት ሁሉ ግን የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ሲዘሉ እናያለን። ሂሊየም ሦስትን ለማዋሐድ የሚያስፈልገው ሙቀት ለትሪቲየም ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሲሆን፣ የትሪቲየሙ ራሱ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ነው። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መሆኑን ለማነጻጸሪያ መጥቀስ ይበቃል። በዚያ ላይ በምድጃው ውስጥ ያለው ዲዩቴሪየም እርስ በርሱም ስለሚዋሐድ ኒውትሮን መውጣቱ አይቀርም፤ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ቀላሉ መንገድስ ምን ያህል ተሄደበት? በታኅሣሥ 2022 በካሊፎርኒያ የሚገኘው ብሔራዊ የሌዘር ጣቢያ 2.05 ሜጋጁል ብርሃን አስገብቶ 3.15 ሜጋጁል የውህደት ኃይል አገኘ። ዜናው ዓለምን ቢያዳርስም ሌዘሮቹ ለዚያች አንዲት ተኩስ ከመብራት መስመር የሳቡት 300 ሜጋጁል ያህል እንደነበረ ብዙዎቹ ጋዜጦች በዝምታ አልፈውታል። በደቡብ ፈረንሣይ በመሠራት ላይ የሚገኘው ኢተር የተባለው ታላቅ ምድጃ በ2024 በወጣው የጊዜ ሰሌዳ መሠረት ዲዩቴሪየምንና ትሪቲየምን አቀላቅሎ ማንደድ የሚጀምረው በ2039 ነው፤ ለምርምር የተሠራ በመሆኑም ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ከሂሊየም ሦስት ከገባው በላይ ኃይል ያወጣ ምድጃ እስካሁን በዓለም ላይ የለም።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ የታሪክ ምዕራፍ አለ። የኢተር አባት የሆነው ቶካማክ የተጸነሰው በ1950ዎቹ መባቻ በሶቪየት ሳይንቲስቶች በታምና በሳኻሮቭ ነው። የሶቪየት ተመራማሪዎች በ1968 ከፍተኛ ውጤት አገኘን ሲሉ ምዕራባውያን ተጠራጠሩ። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች የሌዘር መሣሪያቸውን ይዘው ሞስኮ ገቡ፤ ራሳቸው ለክተውም በ1969 ውጤቱ እውነት መሆኑን መሰከሩ። ዛሬም ኢተርን የሚሠሩት ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሩስያ፣ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት በአንድነት ነው። የምድጃው እውቀት የጋራ ሆኖ አድጓል ማለት ነው። የማገዶው ጉዳይ ግን ሌላ መንገድ ይዟል።

ሂሊየም ሦስት በምድር ላይ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለገበያ የሚቀርበውም በዋናነት ለኑክሌር መሣሪያ ተብሎ የተከማቸው ትሪቲየም ሲፈራርስ የሚገኘው ነው። ጨረቃ ግን አየርም ሆነ የማግኔት ጋሻ ስለሌላት የፀሐይ ነፋስ ለቢሊዮን ዓመታት አፈሯ ላይ ሲያራግፈው ኖሯል። የአፖሎ ተጓዦች ያመጡት አፈር ይህንን አረጋገጠ። በ1986 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዊተንበርግ፣ ሳንታሪየስና ኩልቺንስኪ በጨረቃ ገጽ ላይ 1 ሚሊዮን ቶን ያህል እንደሚገኝ ገመቱ። የጨረቃው ወርቅ ወሬ የተነሣው ከዚያ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ሀብታም በሚባለው አፈር ውስጥ እንኳ ሂሊየም ሦስት ከ1 ቢሊዮን እጅ 10 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎግራም ለማግኘት 100,000 ቶን፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ኩንታል አፈር ተቆፍሮ እስከ 700 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ይህ እተካዋለሁ ከሚለው የድንጋይ ከሰል ክብደት 5 እጥፍ ነው። ቁፋሮው ደግሞ ውሃና አየር በሌለበት፣ ሌሊቱ ሁለት የምድር ሳምንት በሚረዝምበት ሥፍራ ነው። ሄሊዮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሂሊየም ሦስትን ራሱ ከዲዩቴሪየም እያመረተ እጠቀማለሁ ብሎ በ2023 ለማይክሮሶፍት ከ2028 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ለማቅረብ መዋዋሉም የሚናገረው አለ፤ ቃሉ ቢፈጸም ጨረቃን አያስፈልገውም።

ታዲያ ሽሚያው ስለምን? ጋዙ ዛሬም ገዢ አለው። የኳንተም ኮምፒዩተሮችን እስከ ፍጹም ዜሮ ጥግ ለማቀዝቀዝና በየድንበሩ ኒውትሮን ለመለየት ስለሚፈለግ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ከሁሉ በላይ ግን ቀድሞ የቆፈረ ቀድሞ ሕግ ይሠራል።

የ1967ቱ የጠፈር ውል ጨረቃ የማንም መንግሥት ይዞታ እንደማትሆን ደንግጓል። በ2015 ግን አሜሪካ ዜጎቿ ከጠፈር ያወጡትን ሀብት በባለቤትነት እንዲይዙና እንዲሸጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ ሉክሰምበርግ በ2017፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2019፣ ጃፓን በ2021 ተከተሉ። የሕጉ ደጋፊዎች ክርክር ብልጠት የተሞላ ነው። ባሕሩ የማንም አይደለም፣ የተጠመደው ዓሣ ግን የአጥማጁ ነው ይላሉ። ዓሣ ግን ይራባል፤ ጨረቃ ላይ ቢሊዮን ዓመት የተጠራቀመ ጋዝ በአንድ የአሠራር ዘመን የሚተካ አይደለም። ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ የባሕሩ ወለል ነው። በ1982 የጸደቀው የባሕር ሕግ ከአገሮች ክልል ውጭ በውቅያኖስ ወለል ላይ ያለውን ማዕድን የሰው ልጅ የጋራ ቅርስ አድርጎ ለአንድ ዓለም አቀፍ ባለሥልጣን አደራ ሰጥቶታል። ለጨረቃም ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘ ስምምነት በ1979 ወጥቶ ነበር። አሜሪካም ሩስያም ቻይናም አልተቀበሉትም፤ ተቀብላ የነበረችው ሳውዲ ዓረቢያም በ2023 መውጣቷን አስታወቀች።

የኤሌክትሪክ ኃይሉ ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሳይመለስ ሊቆይ ይችላል። የባለቤትነቱ ጥያቄ ግን አሁን በመመለስ ላይ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ኮሚቴ ሥር የተቋቋመው የሥራ ቡድን በቪየና እየተሰበሰበ ስለ ጠፈር ሀብት መርሆዎችን በማርቀቅ ላይ ይገኛል፤ የሥራው ዕቅድም እስከ 2027 የተዘረጋ ነው። በዚያ ኮሚቴ ውሳኔ የሚተላለፈው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በጋራ ስምምነት ነው። ሮኬት የሌለው አባል አገር ተወካይም እጁን አንሥቶ አንድ አንቀጽ ማስቆም ይችላል።