ፋብሪካው ጉልበት አልደበቀብንም

ያረጀች የናፍጣ ሃይሉክስ ወይም ፕራዶ ዳገት ላይ መድከም ስትጀምር፣ ባለቤቷ ዛሬ ዛሬ የሚሰማው ምክር «ኮምፒውተሯን ሪማፕ አስደርግ» የሚል ሆኗል። ላፕቶፕ ይሰካል፣ አዲስ ፋይል ይጫናል፣ መኪናዋም ነዳጅ ሲረገጥላት ትወነጨፋለች። ከምክሩ ጀርባ ያለው እምነት፣ ፋብሪካው የደበቀውን ጉልበት እኛ እንፈታዋለን የሚል ነው። እምነቱ ስህተት ነው፤ እንደኛ ባለ ደጋ አገር ደግሞ ሞተር የሚያስወርድ ስህተት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነን። ናፍጣ ያለ አየር አይነድም። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው የጎደለውን ለማሟላት ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ በደህናው ጊዜ እንኳ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። ኮምፒውተሩ የአካባቢውን ግፊት እየለካ ከፍታ ላይ ናፍጣውንም ቱርቦውንም የሚቆጥበው ለዚህ ነው። ባለቤቱ «ተሰረቅሁ» የሚለው ጉልበት የቱርቦው ዕድሜ ነው። ለሜዳ አገር የተጻፈ ፋይል ይህን ገደብ ካነሳ፣ አየሩ ባለበት ናፍጣው ብቻ ይጨምራል። እንጦጦን ሲወጣ ከፊቱ ያለችው መኪና ጥቁር ጭስ የለቀቀችበት ሰው ውጤቱን አይቶታል። ያ ጭስ በቂ አየር ያጣ ናፍጣ ጥላሸት ነው። ከጭሱ ጋር ሙቀቱም ይጨምራል፤ ሙቀቱን የሚሸከመው ደግሞ የአሉሚኒየም ፒስቶን ነው።

ከዚህ የባሰው፣ ሪማፕ የሚደረግላት መኪና ብዙ ጊዜ የታመመች መሆኗ ነው። ሃይሉክስ ቪጎና ፕራዶ የያዙትን ሦስት ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ሞተር እንውሰድ። የታወቀ ድካሙ ከየኖዝሉ ሥር ያለችው ቀጭን የመዳብ ቀለበት ናት። ቀለበቷ ማሸግ ሲያቅታት የነደደው ጋዝ ከሲሊንደሩ እየሾለከ ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ዘይቱ በጥላሸት ይወፍራል፤ ውሎ አድሮም ከታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ሞተሩ ሲፈታ ወንፊቱ ላይ እንደ ሬንጅ የተጋገረ ጥቁር ቅርፊት ይገኛል፤ ያኔ ብሮንዚኖቹ ዘይት አጥተው ተበልተዋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ፋይል ጭኖ ግፊት መጨመር ፍሳሹን ማፋጠን ነው። ሶፍትዌር ቀለበት አይቀይርም።

ጉልበት የጠፋበት ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚዳሰስ ነው። የኢንተርኩለሩ ጎማ ተሰንጥቆ አየር ያፈስሳል፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኗል፤ የተቃጠለ ጋዝን ወደ ሞተሩ ከሚመልሰው ኢጂአር የሚመጣው ጥላሸት የአየር ማስገቢያውን አጥብቦታል፤ ወይም አንዱ ኖዝል ከሌሎቹ አብልጦ ናፍጣ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ትዕግሥት ያለው መካኒክ በግማሽ ቀን ይፈትሸዋል። ሳይፈትሹ ላፕቶፕ መሰካት ግን ሕመሙን መሸፈን ነው፤ ለዚህ ገንዘብ የሚቀበል ጋራዥ ሊጠየቅ ይገባል።

ሥራውን በወጉ የሚሠሩ የሉም አልልም። መኪናዋን ዳገት ላይ ጭነት አስይዘው የሚለኩ፣ ጭስ ማውጫው ላይ የሙቀት መለኪያ የሚተክሉ፣ ፋይሉን ለከፍታው የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች አሉ። አከብራቸዋለሁ። የታመመ ሞተር ሲመጣላቸው «መጀመሪያ አሳክመው» ብለው የሚመልሱትም እነሱ ናቸው።

ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ያሉን የናፍጣ ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው፤ ስለዚህ የፋብሪካው ፋይል እንደ ሊብሬው ተጠብቆ መያዝ ያለበት የባለቤቱ ንብረት ነው። የሪማፕ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተቀድቶ በእጁ ይሰጠው፤ ምን እንደተለወጠም በጽሑፍ ይስፈርለት። አለዚያ አዲሱ ፋይል በላዩ ይጻፍበትና ዋናው ይጠፋል። መኪናዋ ስትሸጥ ገዢው ሪማፕ መደረጓን የሚያውቅበት ምንም ምልክት አያገኝም፤ ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተትና ቱርቦው ማፏጨት ሲጀምር የሚከፍለው ግን እሱ ነው።