የማይጠግብ ጥርጥር

በዚህ ወር በዓምዳችን የምንነግራችሁ ስለ አንድ ስውር ሕመም ነው። ስውር ያሰኘውም የምግባር ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ነው። እጅ መታጠብ የንጽሕና፥ ጸሎትን መደጋገም የትጋት፥ ንስሓን ማዘውተር የትሕትና ምልክት ስለ ሆነ፥ ሕመምተኛው በፊታችን እየተሠቃየ እኛ «እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሰው ነው!» ብለን እናመሰግነዋለን።

ሐኪሞች ይህን ሕመም «የሚያስገድድ ሐሳብና ድርጊት» ይሉታል። ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ሰው ሳይወደው እየመጣ የሚያስጨንቀው ሐሳብ ነው፤ ሁለተኛው ያን ጭንቀት ለማብረድ ሲል ደጋግሞ የሚፈጽመው ሥራ ነው። ከ100 ሰዎች መካከል ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት በዕድሜያቸው ይህ ሕመም ያገኛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው የቦረና ደጋ የምትኖር አንዲት የቤት እመቤት እናስብ። ውኃው ከምንጭ በጀሪካን ተቀድቶ፥ በጀርባ ታዝሎ ዳገት ይወጣል። እርስዋ ግን በዐቢይ ጾም ድስቱን አጥባ ከጨረሰች በኋላ «ቅቤ ቀርቶበት ይሆን?» ብላ እንደ ገና ታጥባለች፤ ሦስተኛም አራተኛም ታጥባለች። ልጆች የቀዱት ውኃ ያልቃል፤ እጅዋም ይሰነጠቃል። ባልዋን ብትጠይቀው «ንጹሕ ነው» ይላታል፤ ለጥቂት ጊዜ ታርፍና ተመልሳ ትጠይቀዋለች። አንድ ወጣት ደግሞ ውዳሴ ማርያም ሲደግም አንዲት ቃል የሳተ እየመሰለው ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ በቅዳሴ ቆሞ ሳለ ጸያፍ ሐሳብ በልቡ ስላለፈ፥ ትናንት የተናዘዘውን ዛሬም ሊናዘዝ ወደ ነፍስ አባቱ ይሮጣል። አንዲት አራስም «ልጄን እጐዳው ይሆን?» የሚል ሐሳብ እየመጣባት ቢላዋ ከቤት ታሸሻለች። ይህ ሐሳብ የሚያስደነግጣት ልጅዋን ስለምትወድ ነውና ምኞትዋ አይደለም፤ ሳታፍር ለሐኪም ልትነግረው ይገባል።

ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጐራብቶ የሚኖርበት አገር ነው። ሙስሊሞች ጐረቤቶቻችን ሰው ከሶላት በፊት የሚያደርገውን ውዱእ «አልጸዳሁም» እያለ እንዲደጋግም የሚያደርገውን ጥርጥር «ወስዋስ» ይሉታል፤ እኛም ሐሳቡ የማያርፈውን ሰው «ወስዋሳ» እንላለን። እንግዲህ ሕመሙ አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው ልብሱ ነው። ስለ ሃይማኖት ግድ የሌለውን ሰውም «በሩን ቆልፈሃልን? እሳቱን አጥፍተሃልን?» እያለ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ሕመሙን ያመጣው ሃይማኖት አይደለም፤ ሕመሙ ግን ሰው አብልጦ የሚወደውንና የሚፈራውን ነገር ይዞ ያሠቃየዋል።

ታዲያ ለምን አይጠግብም? እከክ ያለበት ሰው ሲያክ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ባከከ መጠን ይቆስላል። እንዲሁም እያንዳንዱ መታጠብ፥ እያንዳንዱም «ንጹሕ ነው» የሚል መልስ ለጊዜው ያሳርፋል፤ አእምሮ ግን «የዳንሁት ስለ ታጠብሁ ነው» ብሎ ይማራል፤ በማግሥቱም አብልጦ ይጠይቃል።

ሕክምናውም ይህን መንገድ የሚዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ማየር የተባለው የሥነ ልቡና ባለሙያ በለንደን ሁለት ሕመምተኞችን በዚህ መንገድ መርዳቱን ጽፎ ነበር፤ አንደኛዋን የሚያስጨንቃት መታጠብ፥ ሁለተኛዋን ደግሞ በእግዚአብሔር ላይ የሚነሣ የስድብ ሐሳብ ነበር። ሕመምተኛው በባለሙያ እየተመራ፥ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ፥ የሚፈራውን ነገር ይቀርባል፤ ከዚያም የለመደውን ሥራ ሳይሠራ ይታገሣል። የቤት እመቤታችን ድስቱን አንድ ጊዜ ብቻ አጥባ ወጡን ትሠራለች። ጭንቀቱ በመጀመሪያ ከፍ ይላል፤ ብትታገሠው ግን ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል፤ በተደጋገመም ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። እንደ ፍሉዎክሰቲን፥ ሰርትራሊንና ክሎሚፕራሚን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ነገር ግን ኃይላቸው እስኪታወቅ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል፥ በወሩ «አልረዳኝም» ብሎ መጣል፥ ከተሻለም በኋላ ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ይህ ጥበብ ለገዳማውያን አበው እንግዳ አልነበረም። የሲናው አበምኔት ዮሐንስ «መሰላል» በተባለው መጽሐፉ እንደ ጻፈው፥ አንድ መነኩሴ በስድብ ሐሳብ 20 ዓመት ሲሠቃይ ኖረ፤ ጾምና ትጋት ቢያበዛም አልተወውም። በመጨረሻ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ ሰጠ። አረጋዊውም አንብቦ ፈገግ አለ፤ ያን ኃጢአት በራሱ አንገት ላይ ተቀበለለትና «ከእንግዲህ ወዲህ ችላ በለው» ብሎ አሰናበተው። መነኩሴውም ዳነ። አስተውሉ፤ አረጋዊው ስግደት አልጨመረበትም። የነፍስ አባቶቻችንንም በትሕትና የምንለምነው ይህንኑ ነው፤ አንድ ጊዜ ተናዝዞ የተፈታው እንደ ተፈታ ይወቅ፤ ድጋሚ ሲመጣም አዲስ ቀኖና አይጨመርበት።

«ጠበል እያለ ሐኪም ለምን?» የሚል ቢኖር፥ የሲራክን መጽሐፍ 38ኛ ምዕራፍ ይመልከት፤ ባለ መድኃኒቱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራልና። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አስተባብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ለሥጋ ሕመም የተፈቀደው ለአእምሮ ሕመም የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

ለቤተ ሰብም የምንመክረው ይህ ነው። ሕመምተኛውን አትቈጡት፥ አትሣቁበትም፤ ነገር ግን ጥርጥሩን አትመግቡት። መቶ ጊዜ «ንጹሕ ነው» ከማለት «ይህ ሕመሙ ነው፤ አብረን እንታገሠው» ማለት ይሻላል። ይህንም በድንገት ሳይሆን ከራሱና ከሐኪሙ ጋር ተማክራችሁ ጀምሩት። መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ፤ ከዚያ የሚያልፈው ጉዳይ በደሴ ወይም በአዲስ አበባው በአማኑኤል ሆስፒታል ይታያል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕመሙ በስሙ ይጠራ። ኃጢአት እየመሰለው ለብዙ ዓመት የተሸሸገ ሰው ሕመም መሆኑን የሰማ ዕለት እፎይ ይላል። የከተማችን ስም መካነ ሰላም ነው፤ የእያንዳንዳችንንም ቤት እግዚአብሔር እንደ ስሟ የሰላም ስፍራ ያድርግልን። አሜን።