«ምን በልተህ ነበር?»

ዐቢይ ጾም ነበር። ሰበታ አክስቴ ቤት ለምሳ ደረስኩ። ሰሊጡን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በውኃ በጥብጣ ካጠለለች በኋላ እንጀራ ፈትፍታ አቀረበችልኝ። ቡናው ሳይፈላ መዳፌን በላኝ፤ ቀጥሎ ጆሮዬን። ከዚያ ከንፈሬ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

«ምች ነው! ያን ሁሉ ፀሐይ በእግርህ መጥተህ!» አለች አክስቴ። ከጓሮ ዳማከሴ ቀንጥሳ በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ አስሸተተችኝ፤ ጭማቂውንም ግንባሬን ቀባችኝ። ሲመሽ እብጠቱ ጎደለ። «አላልኩህም?» አለችኝ።

ቀለል ያለ የምግብ አለርጂ በሰዓታት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የተሰጠው ነገር፣ ቅጠልም ይሁን ክኒን፣ ምስጋናውን ጠቅልሎ ይወስዳል። ቡራዩ፣ እኔ ሰፈር፣ ከተፈጨ ሰሊጥ የሚሠራ ሃላዋ በዳቦ በልቼ ሆዴን ቆርጦ ባስመለሰኝ ቀንም የሆነው ይኸው ነው። ክሊኒክ ሄድኩ፤ ሰገራ ተመረመረ፤ «አሜባ» ተባልኩ፤ ክኒኑን ዋጥኩ፤ ተሻለኝ። ስለ ሃላዋው የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሦስተኛው ግን ቀልድ አልነበረም። እሑድ ማለዳ ከጓደኞቼ ጋር ሱሉልታ ልንሮጥ ሄደን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ በሻይ በላሁ። ያንኑ ዳቦ ስንቴ በልቼው ምንም ብሎኝ አያውቅም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሮጥኩ ጉሮሮዬ ጠበበ፤ ድምፄ ጎረነነ፤ ዐይኔ ጨለመብኝ። ደግፈው ጤና ተቋም አደረሱኝ። ነርሷ ጭኔ ላይ አድሬናሊን ወጋችኝ። ትንፋሼ መለስ ሲል ጎንበስ ብላ «ከመሮጥህ በፊት ምን በልተህ ነበር?» አለችኝ።

ያቺን ጥያቄ ለመስማት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ኋላ አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ሦስቱን ቀኖች በአንድ ክር ሰፋቸው። ያልተፈጨ ሰሊጥ ከጥርስ ካመለጠ ቅርፊቱን እንደለበሰ ሊያልፍ ይችላል፤ የተፈጨው ግን ፕሮቲኑን አይደብቅም። ፍትፍቱና ሃላዋው ያሳመሙኝ ለዚህ ነው። ሩጫ ደግሞ፣ እንደ አልኮልና እንደ አይቡፕሮፌን ሁሉ፣ ሰውነት ይችለው የነበረውን መጠን ያሳንሳል። ዳቦው ያው ነው፤ የተለየው ዳገቱ ነበር። «ከልጅነቴ ስበላው የኖርኩትን?» አልኩት። አለርጂ በጉልምስናም ይጀምራል አለኝ።

ምርመራው «ደም ስጥና ውጤትህን ውሰድ» የሚባልለት ዓይነት አይደለም። በቆዳ ምርመራ የሰሊጥ ጠብታ ክንድ ላይ ተደርጎ ቆዳው በስሱ ይወጋል፤ በሩብ ሰዓት ገደማ ሰሊጥ ከሌለበት ማነጻጸሪያ ጠብታ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ እብጠት ካወጣ «ፖዘቲቭ» ይባላል። በደምም አይጂኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ይለካል። ሆኖም ፖዘቲቭ የሆነ ሁሉ ሰሊጥ ሲበላ አይታመምም። ኔጌቲቭ የሆነም ሁሉ ነፃ አይደለም፤ ኦሊዮሲን የሚባሉት የሰሊጥ ፕሮቲኖች ከዘይቱ ጋር የተጣበቁ ስለሆኑ በውኃ በተዘጋጀ ጠብታ ውስጥ አይገኙ ይሆናል። ስለዚህ አንዳንዴ በራሱ በተፈጨው ሰሊጥ መሞከር ያስፈልጋል። ጥርጣሬው ካልጠራ የመጨረሻው ዳኛ በሐኪም ፊት፣ አድሬናሊን ተዘጋጅቶ፣ ከትንሽ ጀምሮ እየጨመሩ መብላት ነው። ይህንን ቤት ውስጥ ልሞክር የሚል ካለ ነግሬያለሁ፦ አይሞከርም!

እነዚህን ምርመራዎች ሁሉ ትርጉም የሚሰጣቸው የታማሚው ታሪክ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የእኔ ሦስት ሕመሞች ግን የሚያገናኛቸው አጥተው ቆዩ። ሽፍታ፣ ትውከት ወይም የትንፋሽ ማጠር ይዞ ድንገት የመጣን ጎልማሳ «ባለፉት ሁለት ሰዓታት ምን በላህ? ምን ጠጣህ? ምን ስትሠራ ነበር?» ማለት በየክሊኒኩ ደንብ ይሁን እላለሁ። ወረፋው ረጅም ነው የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ግን ያልተጠየቀ በሽተኛ ተመልሶ ወረፋውን ያስረዝማል፤ ያውም መመለስ ከቻለ።

ከጠያቂው ባልተናነሰ ሻጩም መናገር አለበት። የሁመራ ሰሊጥ እስራኤል ደርሶ ጣሂና ይሆናል። አሜሪካ ከ2023 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ሰሊጥን በዘጠነኛነት ከዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች መድባ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አስገድዳለች። ባሕር የተሻገረው ሰሊጥ ስሙ ይጻፍለታል። እኔ ሰፈር የምገዛው ዳቦና በመጭመቂያ ቤት የተቀዳ ዘይት ግን ምንም አልተጻፈበትም። ኑግ የጨመቀው ማሽን ጠዋት ሰሊጥ ተጨምቆበት እንደሆነ የማውቀው ጠይቄ ነው።

ባለፈው ጾም እንደገና ሰበታ ሄድኩ። አክስቴ በኩራት ሳህኑን አቀረበችልኝ። «ላንተ ለብቻህ ሱፍ ፈትፍቼልሃለሁ፤ ሰሊጥ የሚባል አልነካውም።»

እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ከመጉረሴ በፊት ግን «እትዬ፣ በምን ፈጨሽው?» አልኳት።

ዞር ብላ መፍጫውን አየችው። ከዚያ ምንም ሳትል ሳህኑን አነሳችው።