የሽንት ማዳበሪያ፦ ነውሩ የቱ ጋ ነው?

የወንዛዬና የአካባቢው አርሶ አደሮች፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ያስቃል፣ አንዳንዶቻችሁን ደግሞ «ኧረ ወዲያ!» ያሰኛል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በ2015 የመኸር ወቅት በማዳበሪያ እጥረት እንዴት እንደተንከራተትን አትረሱትም። ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። እንደዚያ ተለፍቶ ከተገዛው ዩሪያ ላይ ቆንጠር አድርገን ለጓሮ ጎመንና ለጌሾ እንበትናለን። የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ዩሪያው ለማሳው ይዋል፣ ጓሮውን በቤታችን ሽንት እንመግበው።

እስኪ እናስላው። አንድ ሰው በዓመት ከሚሸናው ውስጥ እንደ አመጋገቡ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል። በ50 ኪሎ የዩሪያ ከረጢት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ደግሞ 23 ኪሎ ነው። ስለዚህ ስድስት ሰው ያለበት ቤት በየዓመቱ ከግማሽ እስከ አንድ ከረጢት ዩሪያ የሚያህል ናይትሮጅን አጥር ጥግ ያፈሳል ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አርባ ምንጭ ላይ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ፣ ዩኒቨርሲቲው በተሳተፈበት ሮዛ በተባለ ፕሮጀክት፣ ሽንትን ከሰገራ የሚለዩ መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተው ሽንቱ በበቆሎ ላይ ጭምር ተሞክሯል። ለከተማ ሰው ትልቁ ጣጣ ጀሪካኑን እስከ ማሳ ማጓጓዙ ነው። የእኛ ጓሮ ግን እዚያው ቤት ጀርባ ነው።

«ነውር ነው» ትሉ ይሆናል። እበት በእጃችን እየዛቅን የሽንቱ ነውር የቱ ጋ ነው? ይልቅ ሜዳ ላይ የተጣለውን ሁሉ ዝናብ ጠርጎ ጉማራ ያስገባዋል፣ ጉማራም ጣና ያደርሰዋል። እምቦጭ የሚፋፋው ከማሳችን ታጥቦ በሚሄደውና በእንዲህ ዓይነቱ ንጥረ ነገር ነው። ነውሩስ ይሄ ነው።

ግን በዘፈቀደ አይደረግም፦

1. ሽንት ብቻ ይሁን። ሰገራ የነካውን አትጠቀሙ፤ የአንጀት ትላትልና ቢልሃርዚያ በሰገራ ይተላለፋሉ።
2. ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ጀሪካን አጠራቅሙ። ክፍት ከሆነ ናይትሮጅኑ ይተናል። አመድ አትጨምሩበት። ጀሪካኑ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ውሃ እንዳይቀዳበት።
3. አንድ እጅ ሽንት ከ3 እስከ 5 እጅ ውሃ ቀይጡ። ሳይቀየጥ ተክሉ ሥር ከፈሰሰ ያቃጥላል።
4. ከግንዱ ግማሽ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ቦይ አውጡ፤ ጠዋት ወይም ማታ አፍስሱና አፈር መልሱበት። ቅጠል አይንካ። ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል ተዉት።
5. 20 ሊትር ሽንት ከ10 እስከ 15 ካሬ ሜትር ለሚሆን መደብ ለአንድ የምርት ወቅት ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ ከፋፍላችሁ ስጡ። ባቄላና አተር አያስፈልጋቸውም።
6. ምርት ከመሰብሰባችሁ 1 ወር በፊት አቁሙ። ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጥሬያቸውን ስለሚበሉ ተዉአቸው። ይህ የራሳችሁን ቤት ሽንት ለራሳችሁ ምግብ ስትጠቀሙ ነው። ከሌላ ቤት የመጣ ከሆነ ወይም ምርቱ ለገበያ ከሆነ ሽንቱ ተዘግቶ 6 ወር ይቆይ።
7. ከፍል ውሃው፣ ከምንጭ፣ ከጉድጓድና ከወንዝ ዳር ራቁ።

መላ ጓሯችሁን በአንዴ አታድርጉት። ሁለት መደብ ጎመን ትከሉ፤ አንዱን በሽንት፣ አንዱን እንዲሁ። ከዚያ ጎረቤት ጥሩና አሳዩ። ነውር መሆን አለመሆኑን ጎመኑ ይፍረድ።