«ጋዝ አልቋል!» ማን ለካው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። የኛ አገር ጋራዥ ግን ነገርን የሚጀምረው ከኪስ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመኪናዬ ኤሲ አልቀዘቅዝ አለና አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ሰውየው ኮፈኑን ከፈት፣ አየት አደረገና ፍርዱን ሰጠ። «ጌታው፣ ጋዝ አልቋል!» ጌጅ አልሰካ፣ ቴስተር አላወጣ! ታዲያ በምን አወቀ? በዓይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ እኔስ ዓይን አለኝ አይደል?

ተሞላ፣ ከፈልኩ። ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ይጠፋል። ተመለስኩ። አሁንም «ጋዝ!» ተባልኩ። በሦስተኛው ዘመናዊ ምርመራ ተደረገልኝ። አውቶማቲክ ኤሲ ያላቸው ብዙ ቶዮታዎች «አውቶ» የሚለውንና የውስጥ አየር ማዞሪያውን መጫኛ አንድ ላይ ተጭነው ቁልፉን ሲያዞሩት ሕመማቸውን በቁጥር ይናገራሉ። የኔዋም «21» አለች። «የፀሐይ ሴንሰሯ ተቃጥሏል» ተባለና እሱም ተቀየረ። ኤሲው ግን ወይ ፍንክች!

በዚሁ ሁኔታ ነው በክረምት ከነቀምት ስመለስ ባኮ ላይ የቆምኩት። ባኮ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ሙቀቷ የማያስቀምጥ የበቆሎ አገር ናት። «ኤሲ የሀብታም ቅንጦት ነው፣ መስኮት ክፈት!» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ በክረምት ከባኮ ተነሥታችሁ ወደ ጌዶ ውጡ። ውጪው ብርድና ዝናብ፣ ውስጡ የሰው ትንፋሽ ይሆንና የፊት መስተዋቱ በእንፋሎት ይሸፈናል። ኤሲ ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ከአየሩ እርጥበቱን ይመጥጣል። ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ እሱ ነው። ኤሲ ሲጠፋ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ጨርቅ ይይዛል። በዚያ ጉም ውስጥ ከፊት አይሱዙ ብቅ ቢልስ?

ባኮ ላይ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገናኙኝ። ጋራዡ ከቆርቆሮ ጥላ በቀር ምንም የለውም። «ጋሼ፣ የሚጠፋው መቼ ነው?» አለኝ። ሦስት ጊዜ የከፈልኩበት ጋራዥ ይቺን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም! ነገርኩት። «21»ን ሲሰማ ሳቅ አለ። «ያነበቡበት ቤት ጨለማ ነበር?» አዎ፣ ጨለማ ነበር። ለካ ያ ሴንሰር የፀሐይ ብርሃን ነው የሚለካው። ጨለማ ውስጥ ከተጠየቀ ደኅና ሆኖም «21» ይላል። እኔ የከፈልኩት ለጋራዡ ጨለማ ኖሯል!

ወደ ኮምፕሬሰሩ ክላች የሚሄደውን ሽቦ ነቅሎ ቴስተር ሲያስነካው 12 ቮልት አሳየ። «እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው» አልኩ እንደ አዋቂ። «ጋሼ፣ ሥራ ሳይሰጡት ሁሉም ደኅና ነው» አለኝና በዚያው ሽቦ ላይ የፊት መብራት አምፖል ሰካበት። አምፖሉ ከመብራት ይልቅ ማንቀላፋት መረጠ። ልጁ ሽቦውን በእጁ እየዳበሰ ተከትሎት ከፊት ፓራውልት ጀርባ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ አገኘ። ሲፈታው ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ጠዋት በብርዱ የምታልፈው ኃይል ክላቹን ለመሳብ ትበቃለች፤ ሲግል ግን የክላቹ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ስለሚቀንስ ታንሳለች። የዛገውን ቆርጦ በካውያ በየደው። ኤሲው በረደ! ጋዙማ መቼ ጎድሎ? ጋዝ እኮ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ «ልሙላልህ» የሚል ሰው ለሚቀጥለው ወርም ቀጠሮ እየሰጣችሁ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ገመና ልምጣ። ልጁ ዋጋውን ሲነግረኝ ከአፌ የወጣው «ምን ዕቃ ቀየርክና?» የሚል ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «ዕቃ ብቀይር ኖሮ ይከፍሉኝ ነበር?» አለኝ። አፈርኩ። የጠየቀኝን ከፈልኩት፤ ሐፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

እውነቱ ይህ ነው። ሐኪም ቤት ለካርድና ለላቦራቶሪ እየከፈልን፣ ጋራዥ ስንገባ ለምርመራ መክፈል ሞታችን ነው። ለዕቃ እንጂ ለዕውቀት አንከፍልም። ባለጋራዡም ይህን ስላወቀ ዕቃ ይሸጥልናል። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል «ለምን?» ብሎ የሚፈልግ ሰው ጊዜ ይፈጃል። በ10 አምፔሩ ቦታ 30 የሚሰካ፣ ይባስ ብሎ ሽቦ የሚያስር ግን በአምስት ደቂቃ ይሸኘናል። ከዚያ በኋላ በፊውዙ ፈንታ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ሲከፋም መኪናው ከነሰዉ!

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የኤሲው ኮምፕሬሰር በሞተር ቺንጋ አይዞርም። በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው የሚሠራው። ብርቱካናማውን ገመድ እንደ 12 ቮልቱ በአምፖል ልሞክር ያለ ልጅ ሬሳው ነው የሚነሣው። የኮምፕሬሰሩም ዘይት ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልዩ ዘይት ነው፤ ከለመድነው ጋር ከተቀላቀለ ጣጣ ያመጣል። እገዳ በአንድ ቀን ይታወጃል፤ ኤሌክትሪሺያን ግን በአዋጅ አይፈጠርም! ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከአዲስ አበባ አልፈው ባኮና ጌዶ ላሉት ልጆችም ይህን ሙያ ከነመሣሪያው ያስተምሩ። ለጋራዥ ፈቃድ የሚሰጠውም ክፍል የግቢውን ስፋት ብቻ ሳይሆን «በምን ትለካለህ?» ብሎ ይጠይቅ።

የኛ ድርሻ ደግሞ ቀላል ነው። ለምርመራ እንክፈል፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንቀበል። «ጋዝ አልቋል» ስንባልም ኪሳችንን ከመዳበሳችን በፊት አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ።

ማን ለካው?