የተሽከርካሪ ሞላና አሞርዛተር፦ ጥቂቱ ገንዘብ የት ላይ ይዋል?

በገጠርና በከተማ መካከል ያለው የዕለት እንቅስቃሴ በአብዛኛው የተሸከመው ዕድሜ በጠገቡ ተሽከርካሪዎች ላይ ነው። ከፎገራ ሜዳ ወደ ወረታና ባሕር ዳር የሚገባው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ የምትወሰደው ነፍሰ ጡር እናት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለማከፋፈል የሚንቀሳቀሰው ባለሙያ ሁሉም የሚጓዙት በሚኒባስ፣ በፒካፕ፣ በአይሱዙ ወይም በአነስተኛ የቤት መኪና ነው። በመሆኑም የተሽከርካሪን ሞላና አሞርዛተር የማሻሻል ጉዳይ የባለንብረቱ ምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የምርት ጥራት፣ የመንገድ ደኅንነት እና የቤተሰብ ገቢ ጉዳይ ነው። ይህ ትንታኔ የሚመረምረው አቅሙ ውስን የሆነ ባለንብረት ያለውን ጥቂት ገንዘብ በየትኛው ክፍል ላይ ቢያውል እንደሚያተርፍ ነው።

አሮጌው መኪና ለምን ይቆያል?

ጥያቄውን ወቅታዊ ያደረጉት ሦስት ለውጦች ናቸው። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው፤ አዋጁ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር ሲገቡ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው አድርጓል። ሁለተኛው በ2016 ዓ.ም ይፋ የተደረገው በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ ነው። ሦስተኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል።

የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። በነዳጅ የሚሠራን መኪና በሌላ መቀየር እጅግ ከብዷል፤ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫም ዋጋው ንሯል። ስለዚህ ትናንት "እስኪሸጥ ድረስ ይሂድ" ተብሎ ይታለፍ የነበረ መኪና ዛሬ ለበርካታ ዓመታት መቆየት ያለበት የሥራ መሣሪያ ሆኗል።

አፈሩም ይመታል

ችግሩን ከመኪናው ብቻ መፈለግ ግን አያዋጣም። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት የሚሸፍነው ጥቁር የመረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በፎገራ ሜዳና በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ አካባቢዎች ገበሬው ይህን ጠባይ በእርሻው ላይ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በዚሁ አፈር ላይ የተደለደለ የጠጠር መንገድም አብሮ ያብጣል፣ አብሮ ይሰምጣል። ውኃ መውረጃ ቦይ የሌለው መንገድ በአንድ ክረምት ይቦረቦራል፤ በበጋ ደግሞ በተሽከርካሪ ብዛት ተከታታይ ሽብሽብ ያወጣል። አሞርዛተርን ቶሎ የሚጨርሰው ይህ ያለ እረፍት የሚመታ ሽብሽብ ነው።

በርካታ አምራቾች አሞርዛተር 80 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ እንዲቀየር ይመክራሉ። በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን የሚሠራ ሚኒባስ በዓመት 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በአስፋልት ላይ እንኳ ቢሆን ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከተጠቀሰው ርቀት ይደርሳል ማለት ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ ጊዜው ከዚያም ያጥራል።

ሁለት ክፍሎች፣ ሁለት ተግባራት

በርካታ አሽከርካሪዎች መኪናቸው ሲናጥ "ሞላው ሞቷል" ይላሉ። ይሁን እንጂ ሞላ እና አሞርዛተር የተለያየ ሥራ አላቸው። ሞላ፣ በከባዶቹ ደግሞ ባሌስትራ፣ የመኪናውንና የጭነቱን ክብደት ይሸከማል። አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም፤ ሞላው ከተጨመቀ በኋላ ደጋግሞ እንዳይዘል በውስጡ ባለው ዘይት አማካኝነት እንቅስቃሴውን ይገታል።

ምልክታቸውም ይለያያል። መኪናው በአንድ ወገን ካዘነበለ ወይም ባዶውን ሳለ ዝቅ ካለ ተጠርጣሪው ሞላው ነው። በደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ መለካት ብዙ ይናገራል። ጉድጓድ ካለፈ በኋላ መኪናው ደጋግሞ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የአሞርዛተሩ አካል በዘይት ከረጠበ ወይም ጎማው በየቦታው ጎድጎድ እያለ ከተበላ ግን ተጠርጣሪው አሞርዛተሩ ነው።

የደከመ አሞርዛተር ጎማን ከመንገድ ላይ ያነሳል። ከመንገድ የተነሳ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይይዝም፣ መሪም አይታዘዝም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የአባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ይህ ጉድለት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማንም ግልጽ ነው።

ከመግዛት በፊት

የመጀመሪያው ወጪ ለምርመራ ቢውል ይመረጣል። መኪናው በክሪክ ተነስቶና በአስተማማኝ ድጋፍ ላይ ቆሞ ጎሚኒዎቹ፣ ቦል ጆይንቶቹ እና የመሪ መጋጠሚያዎቹ መፈተሽ ይኖርባቸዋል። ያለቀ ጎሚኒ የሚያሰማው ኳኳታ በተለምዶ በአሞርዛተር ይመካኛል። ዋጋቸው ግን አይቀራረብም፤ ጎሚኒ ቀይሮ ኳኳታው የጠፋለት ባለንብረት የአሞርዛተር ገንዘብ በኪሱ ይቀራል። የጎማ ነፋስም እንዲሁ ነው። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ጠንካራ ሞላ የያዘ ያስመስላል፤ በአምራቹ ልክ ማስተካከል ደግሞ ከጎሚስታ ቤት የሚያልፍ ወጪ የለውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ያዋጣል፦ በመጀመሪያ የጎማ ነፋስና የጎማ ይዘት፣ ቀጥሎ ጎሚኒና መጋጠሚያዎች፣ ከዚያ አሞርዛተር፣ በመጨረሻም ሞላ። አሞርዛተርም ሆነ ሞላ ሲቀየር ግራና ቀኙ አብሮ መቀየር አለበት። የአራቱንም ዋጋ በአንድ ጊዜ መሸፈን ያልቻለ ባለንብረት የፊቱን ጥንድ ዛሬ፣ የኋላውን ጥንድ ከወራት በኋላ መቀየር ይችላል፤ አንዱን ብቻ መቀየር ግን በፍሬን ጊዜ መኪናውን ሊያዛባ ይችላል።

እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ የቤት መኪናዎች የፊት ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ የተገጠሙ ናቸው። ሞላው ታምቆ የተቀመጠ በመሆኑ ያለ መጭመቂያ መሣሪያ መፍታት የመካኒኩን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ሥራው ካለቀ በኋላም የጎማ አላይመንት ማሠራት ይገባል፤ ይህን ወጪ መቆጠብ አዲስ ጎማን በወራት ማስበላት ነው።

የትኛው ዓይነት?

በገበያ ላይ ያሉት በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። በዘይት ብቻ የሚሠራው ባለ ሁለት ቱቦ አሞርዛተር በዋጋው ዝቅ ያለ ሲሆን በሽብሽብ መንገድ ላይ ለረዥም ሰዓት ሲሠራ ዘይቱ ይሞቃል፣ አረፋም ይፈጥራል፤ ያኔ ኃይሉ ይደክማል። አነስተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን የተጨመረበት ባለ ሁለት ቱቦ አሞርዛተር አረፋውን ይቀንሳል፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ሦስተኛው ባለ አንድ ቱቦ ሲሆን ሙቀትን በፍጥነት ያስወጣል፤ ሆኖም ዋጋው ከፍ ይላል፣ ድንጋይ ቱቦውን ከሰረጎደውም በውስጡ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ሊነክስ ይችላል። በኮረኮንች መንገድ ላይ በየዕለቱ ለሚሠራና በጀቱ ውስን ለሆነ ተሽከርካሪ ሚዛናዊው ምርጫ መካከለኛው ነው።

በሶማሌ ተራም ሆነ በክልል ከተሞች የሚሸጠው ያገለገለ አሞርዛተር ግን ጥንቃቄ ይሻል። የአሞርዛተር ድካም በውስጡ ስላለ በዓይን አይታይም፤ ተወልውሎ የቀረበም ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ሞላ በአንጻሩ ዝገቱ፣ ስንጥቁና ቁመቱ ስለሚታይ መርምሮ መግዛት ይቻላል። ታዋቂ ስም የተለጠፈበት አዲስ ዕቃ ዋጋው ከሌላው በብዙ ካነሰም አስመስሎ የተሠራ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ደረሰኝ መቀበልና የዕቃውን ቁጥር ማመሳከር ቢያንስ ሻጩን ተጠያቂ ያደርጋል።

ርካሽ መስለው የሚያከስሩ

በሞላ ጥቅልሎች መካከል ጎማ መክተት መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የታሰሩት ጥቅልሎች ሥራ ስለሚያቆሙ ጫናው በቀሪዎቹ ላይ ይወድቃል፣ ሞላውም ሊሰበር ይችላል። በሃይኤስ ሚኒባስ ፊት ለፊት የሞላን ሥራ የሚሠራው የሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ ነው። ብሎኑን ማጥበቅ ቁመትን ይጨምራል እንጂ የመሸከም አቅምን አይጨምርም። ከልክ ያለፈ ከፍታ ደግሞ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ያሳጥራል፣ መኪናውንም በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ያቀርበዋል።

ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል ማስገባትም እንዲሁ ነው። መኪናው ሲጫን ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻንሲው ግን የቀድሞዎቹ ናቸው። ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ይነጥራል፣ ፍሬንም በደንብ አይዝም። የተሰበረ ቅጠልን መበየድ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋ ከጥገና አይቆጠርም።

ምርቱስ?

በገጠር ጉዳይ ላይ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ቲማቲም ከማሳ ጤነኛ ሆኖ ወጥቶ ገበያ ሲደርስ የሚፈርጠው በሙቀት ብቻ አይደለም። ንዝረት ፍሬውን ከፍሬ ጋር ያፋትገዋል፤ ጉዳቱም ከኋላ አክስል በላይና ከዚያ ወደ ኋላ በሚቀመጠው፣ በተለይም በላይኛው ረድፍ ባለው ጭነት ላይ ይበረታል። ስለዚህ እንደ ቲማቲምና እንቁላል ያለውን በቀላሉ የሚጎዳ ምርት በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ ሽንኩርቱንና እህሉን ደግሞ ወደ ኋላ ማድረግ ያለ ምንም ወጪ ኪሳራን ይቀንሳል። ሣጥኑን እስከ አፉ አለመሙላትም እንዲሁ። ተጨማሪ ቅጠል የገባበት ደረቅ ባሌስትራ ንዝረቱን እንዳለ ወደ ጭነቱ ስለሚያስተላልፍ፣ ብዙ ለመጫን የወጣው ወጪ በተበላሸ ምርት ተመልሶ ይከፈላል።

የመፍትሔው ሌላ ወገን

ሸክሙን ሁሉ በባለንብረቱ ላይ መጣል ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ቦሎ ከመለጠፍ አልፎ አሞርዛተርንና መጋጠሚያዎችን በትክክል የሚፈትሽ መሆን አለበት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በወረዳ ከተሞች ላሉ መካኒኮች አጫጭር ሥልጠና ቢሰጡ ብዙ ያለ ምርመራ የሚቀየር ዕቃ ይድናል። የገጠር መንገድ ሲሠራም ከጠጠሩ እኩል ለውኃ መውረጃ ቦዩ ትኩረት መስጠት ያስፈልጋል፤ የአንድ ቦይ መደፈን በዚያ መንገድ የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎች ሁሉ ያስከፍላልና።

ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚደረገው ሽግግርም ጉዳዩን አያስቀረውም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከባድ በመሆኑ ሞላውና አሞርዛተሩ የሚሸከሙት ጫና ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዛሬ በአሮጌው ሚኒባስ ላይ የሚለመደው የምርመራ ባህል ነገም ይፈለጋል።

ባለ ጥቂት ገንዘብ ባለንብረት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የችግሩን ትክክለኛ ቦታ ማወቅ ነው። የሚቀጥለው ክረምት መንገዱን ከማበላሸቱ በፊት ጎሚኒውን ማስፈተሽ፣ የሚያፈሰውን አሞርዛተር በጥንድ መቀየርና ጭነትን በልክ ማድረግ በማንኛውም የወረዳ ጋራዥ የሚቻል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በጊዜ የተቀየረ ጎሚኒ ጎማንም፣ ምርትንም፣ ሕይወትንም ያተርፋል።